ግራ እጄና ሦስቱ መሪዎች

የጌም መሪውን የምገዛው ለሚስቴ ነው እል ነበር። ለሱቁ ሰውም፣ ለራሷም፣ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ለሚያሾፉብኝ የታክሲ ሾፌሮችም ያልኩት ይህንኑ ነው። ውሸት አልነበረም። ሚስቴ መኪና መንዳት ትፈራለች፤ ቤቷ ቁጭ ብላ በቴሌቪዥን ጌም ትለማመድ ብዬ ነው። ግን ከእሷ ይልቅ የምፈራው እኔ ነበርኩ፤ ያንን ደግሞ ለማንም አልተነፈስኩም።

ነገሩ የጀመረው በጥምቀት ሰሞን ነው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ስካይላይን በሚባል ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። አንድ ጠዋት ሕንፃው ፊት ለፊት ጓንት ረስቼ በባዶ እጄ የታክሲዬን መስታወት በረዶ ስፍቅ፣ ቀኝ እጄ በብርዱ ተቃጠለና ኪሴ ከተትኩት። በግራዬ ቀጠልኩ። ግራዬ ምንም አላለም። "ጎበዝ! ወንድ ማለት እንዳንተ ነው" አልኩት ግራ እጄን፣ እየሳቅሁ። ሳምንት ሳይሞላ ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። ቀጥሎ የመኪና ቁልፍ። ቀጥሎ ደግሞ ሳንቲም ላወጣ እጄን ኪሴ ከትቼ የኪሴን ጨርቅ ይዤ ወጣሁ። ሚስቴ "ምን ነካህ ሰሞኑን?" ስትለኝ "ብርድ ነው" አልኳት። እኛ ዘንድ ብርድ የማያደርገው ነገር የለምና አመነችኝ። የሾፌር ግራ ክንድ መቼም መስኮት ላይ ነው፤ ንፋስ መትቶታል ብዬ ራሴንም አሳመንኩ። መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ፣ ግራ እጄ ላይ ብቻ የሱፍ ጓንት አጥልቄ መንዳት ጀመርኩ። የታክሲ ተራው ላይ "ሌላውን ጓንት ማን ወሰደብህ?" ይሉኝ ነበር።

የካቲት ውስጥ ከኤርፖርት አንዲት እናት ጫንኩ። ሕፃን ልጇን በልጅ መቀመጫ አስራ ከኋላ አብራው ተቀምጣለች። ሀይዌይ ላይ ነን። ልጁ እንዳይነቃ ብዬ በቀኝ እጄ ሬዲዮኑን ስቀንስ መሪውን የያዘው ግራዬ ብቻ ነበር። ድርርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ፣ ሾፌር ሲያንቀላፋ እንዲቀሰቅሰው ተብሎ የተቦረቦረ መስመር አለ። ጎማ ሲወጣበት መኪናው ሁለመናው ይርገፈገፋል፤ መሪው እጅ ውስጥ ይዘላል። የኔ እጅ ውስጥ ግን ምንም የለም። የሌላ ሰው መኪና መስሎኝ እንደ ጅል በጎኔ የሚሄደውን ዞሬ አየሁ! ጠርዝ ላይ የወጣሁት እኔ መሆኔን ያወቅሁት እናትየዋ ስትጮህ ነው። በቀኜ መለስኩት። የብረቱ አጥር ከመኪናዬ ጎን አንድ ክንድ አይርቅም ነበር።

በመስታወቱ አየኋት። እጇን ልጁ ደረት ላይ ዘርግታለች። "ይቅርታ፣ ይቅርታ" አልኩ። ቤቷ አድርሻት ሻንጣዋን ሳወርድ ዓይኗን ማየት አፈርኩ። ከዚያ ታክሲው ውስጥ ገብቼ ግራ አውራ ጣቴን ነከስኩት። ጥርሴ ሥጋውን ያውቀዋል፤ ጣቴ ግን ጥርሴን አያውቀውም። እግዚአብሔርን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ታዲያ ለምን አልተናገርክም ትሉኛላችሁ። ምን ብዬ ልናገር? ሐኪም ቤት ብሄድ አንዱ ወረቀት ላይ ይጽፈዋል፣ ወረቀቱ ከላይሰንሴ ጋር ይገናኛል፣ አለቀ። ከመሪ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፤ አዲስ አበባም ሾፌር፣ እዚህም ሾፌር። ደግሞ እኛ ሕመም ስንደብቅ ያደግን ሰዎች ነን። ስንጠየቅ "ደህና፣ ተመስገን" ነው፤ እየሞትንም "ደህና" ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት የማያውቅ ሰው የለም፣ እኔም ለስንቱ መክሬበታለሁ።

የሄድኩት ወጌሻ ጋ ነው። እኛው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ፣ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሽማግሌ አሉ፤ ባገር ቤት ስመ ጥር ወጌሻ የነበሩ። "ጅማቴ ዞሮ መሰለኝ አባባ፣ እስኪ ይሹልኝ" አልኳቸው። ዓይንህን ጨፍን አሉኝ። ጨፈንኩ። ትንሽ ቆይተው "የቱን ጣትህን ነው የወጋሁህ?" አሉ። "ገና አልወጉኝም እኮ" አልኩ። ዓይኔን ስገልጥ በእስክሪብቶ ጫፍ አምስቱንም ወጋግተው ጣቶቼ ላይ የቀለም ነጥብ ሠርተውባቸዋል። ሽማግሌው እስክሪብቶውን ከደኑና "ይሄ የኔ ሥራ አይደለም ልጄ፤ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂድ" አሉኝ። "እሺ አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ከበራቸው ስወጣ ደሜ ፈልቶ ነበር። ድሮውንስ የእሳቸው ሙያ ምን ሊያደርግልኝ፣ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል አልኩ። በኋላ በራጅና በምን በምን ማሽን የታየው፣ አንገቴ ላይ ያለ አጥንት ነርቭ ተጭኖ መቆየቱ፣ ለእሳቸው በአንድ እስክሪብቶ ታይቷቸው ኖሯል።

አሁን ወደ ሚስቴ ልምጣ። ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል ከተማ አንዲት አሮጊት ቤት እየዋለች አሮጊቷን ትጦራለች። ከስካይላይን ተነስቶ እዚያ ለመድረስ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ ሌላ ባቡር፣ ከዚያ ደግሞ አውቶቡስ ነው። መንዳት ብትችል ዕድሜዋ ይረዝማል። የጽሑፉን ፈተና አልፋ የተለማማጅ ፐርሚቷን ይዛለች፤ አጠገቧ ላይሰንስ ያለው ሰው ከተቀመጠ መንዳት ትችላለች። ችግሩ አጠገቧ የሚቀመጠው እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ ባዶ ፓርኪንግ እየወሰድኩ በቤት መኪናችን አስተምራታለሁ። መሪውን እንደ ጠላት አንቃ ትይዘዋለች፤ እኔ እጮሃለሁ፤ እሷ ታለቅሳለች፤ ተኳርፈን እንመለሳለን። ባል ሚስቱን መንዳት ካስተማረ ሽማግሌ ይቀመጣል ይላሉ ሾፌሮቹ፣ እውነታቸውን ነው።

አንድ ቀን ተራ ስንጠብቅ አንዱ ሾፌር፣ "ለምን የጌም መሪ አትገዛላትም?" አለኝ። እሱ ራሱ አርባ ዓመት አልፎት የመኪና እሽቅድምድም ጌም ሱስ የያዘው ሰው ነው። ሳቅሁበት። "ይሄ የልጅ መጫወቻ መሰለህ? ፎርስ ፊድባክ ነው የሚባለው። ውስጡ ሞተር አለው፣ መልሶ ይታገልሃል። ጥምዝ ላይ ይከብድሃል፤ ከመንገድ ስትወጣ ደግሞ እጅህን ያንቀጠቅጥልሃል" አለ። እኔ መሳቄን አቆምኩ።

"እጅህን ያንቀጠቅጥልሃል ነው ያልከኝ?"

"እንዴት አድርጎ! ያ የሀይዌይ ጠርዝ አለ አይደል፣ ልክ እንደሱ።"

ሰው የማይሞትበት የሀይዌይ ጠርዝ! ቤቴ ውስጥ፣ ጠረጴዛዬ ላይ! እጄን የምፈትንበት ነገር ተገኘ። ምናልባትም ያን ቀን እጄ ደንዝዞ ነው፣ ምናልባት አሁን ለቆኛል አልኩ ለራሴ። ወዲያው ተራዬን ትቼ ቀጥታ ሱቅ ሄድኩ።

የሱቁ ልጅ በትሕትና አስረዳኝ። በጣም ርካሹ ሞተር የለውም፤ ውስጡ ላስቲክ ነው፣ ስታዞረው ወጥሮ ይመልሰዋል፣ በቃ። እሱን ገና ሳየው ናቅሁት። ሁለተኛው ሞተሩ በጥርስ ነው የሚሠራው፤ እንደ ድሮ ወፍጮ ይንኳኳል ግን ብርቱ ነው። ሦስተኛው በቺንጋ ነው የሚዞረው፤ ድምፅ የለውም፣ ልስልስ ይላል። "ለማን ነው?" አለኝ። "ለሚስቴ" አልኩት። "ልስልሱን ይውሰዱላት" አለኝ። እኔ የሚንኳኳውን አነሳሁ። የሚሰማኝ እሱ ነው ብዬ ነው።

ጌሙን ከዚያው ሱሰኛ ሾፌር ተውሼ፣ መሪውን የምግብ ጠረጴዛችን ጠርዝ ላይ በብሎኑ አጥብቄ አሰርኩት። ሚስቴ ሥራ ናት። ጌሙ ቴሌቪዥኑ ላይ ቀይ መኪና ሰጠኝ። ቀስ ብዬ ወደ መንገዱ ጠርዝ አስጠጋሁት። ትርርር! ቀኝ መዳፌ ተርገፈገፈ፤ እሰይ፣ እውነቱን ነው ሾፌሩ! ግራዬ ደግሞ... ግራዬ የሰው ዕቃ እንደ ያዘ ዝም ብሏል። እንደገና አስጠጋሁ። እንደገና። ከዚያ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? "ግራ ጎኑ ተበላሽቷል" አልኩ።

ጠቅልዬ መለስኩት። ሪሲቴን ሰጠሁና ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ግራ ጎኑ አይሠራም" አልኩት የሱቁን ልጅ። ሰካው፣ ያዘው፣ ሞከረው። ግራ የገባው መስሎ አየኝ። "ጌታዬ፣ መሪው አንድ ዘንግ ላይ ነው የተሰካው፤ በአንድ ጎን ብቻ ሊንቀጠቀጥ አይችልም እኮ" አለኝ። ሃያ ዓመት መሪ የያዝኩ ሰው ይህን አጥቼው ነው? ክብ ብረት ነው፤ ቀኙ ከተንቀጠቀጠ ግራው የት ይሄዳል? አወቅሁት። አውቄም ጮህኩበት። "ግራው አይሠራም አልኩህ!" ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጁ ለወጠልኝ። በቺንጋ የሚሠራውን ይዤ ወጣሁ።

ልስልሱን መሪ ሚስቴ ወደደችው። መጀመሪያ ሲያንቀጠቅጣት "በስመ አብ! ይሄ ነገር ነፍስ አለው እንዴ?" ብላ ወንበሯ ላይ ዘላ ነበር። ከዚያ ለመደችው። ማንም ሰው እንደሷ ያለ የእሽቅድምድም ነጂ አይቶ አያውቅም። ሌሎቹ መኪኖች እየተወነጨፉ ሲያልፉ እሷ በሠላሳ ማይል ቀኟን ይዛ ትሄዳለች። ጥምዝ ሲመጣ ፍሬን ትይዛለች፤ የሚታጠፍ መኪና ስታይ ቆማ ታሳልፈዋለች። "እንዴ፣ ምነው ቀደሙኝ ሁሉም?" ትላለች። ሳቅሁ፤ ከጥምቀት ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ግን ሳያት አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጠርዙ ሲያንቀጠቅጣት ሳትጮህ፣ ሳታንቅ፣ ቀስ አድርጋ ትመልሰዋለች። እኔ በጩኸት ያላስተማርኳትን መሪው በእጇ አስተማራት።

እሷ ሥራ ስትሄድ ተራው የኔ ነው። አንድ ጠዋት ቁርጡን ልወቅ ብዬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋሁ። ቀኝ እጄን ከጀርባዬ አደረግሁ፣ በግራዬ ብቻ ያዝኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ነዳጁን ረገጥኩ። ጠርዙን ሲነካ አውቃለሁ አልኩ። ጠበቅሁ። አሁንም ጠበቅሁ። ሰላም ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ይሆናል አልኩ። ዓይኔን ስከፍት መኪናው መንገዱን ከለቀቀ ቆይቷል፤ ግንብ ላይ ተለጥፎ ጎማው ይሽከረከራል። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ማንኪያ ከንዝረቱ የተነሳ ተንሸራትቶ ጠርዝ ደርሷል። ማንኪያው ያወቀውን እጄ አላወቀም።

ክው ብዬ ቀረሁ። ያቺ እናትና ልጇ ከኋላዬ የተቀመጡ መሰለኝና እንደ እብድ ዞሬ አየሁ። ሶፋችን ነው ያለው። ከሰዓት በኋላ ግን ሥራ ወጣሁ። አዎ፣ ወጣሁ። ሰው ጫንኩ። በእያንዳንዱ መብራት ላይ "የዛሬን ብቻ" እያልኩ፣ ግራ እጄን በዓይኔ እየጠበቅሁ፣ ክሪስታል ሲቲ የሚባለውን ሰፈር አሥር ጊዜ ዞርኩ። ያን ሁሉ ሰው ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ ዛሬም አላውቅም።

ያንንም መሪ ልመልስ ስጠቀልለው ሚስቴ ደረሰችብኝ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ልመልሰው ነው። ግራው አይሠራም።"

"ኧረ ይሠራል! ትናንት ማታ ነድቼበት የለም እንዴ?"

"አይሠራም አልኩሽ እኮ!"

ጩኸቴ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ሳይደርስ አልቀረም። እሷ ግን አላለቀሰችም። እንደ ፓርኪንጉ አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። የለበስኩትን የአንድ እጅ ጓንት አየች። ከዚያ ጋቢዋን ደርባ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው። መሪውን መልሼ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ፤ ከዚያ የበረታ የለም አሉኝ። ሱሰኛው ሾፌር ነው የነገረኝ፦ ቺንጋም ጥርስም የሌለው፣ መሪው ቀጥታ ሞተሩ ላይ የሚሰካ አዲስ ዓይነት ወጥቷል፣ ክንድ ይገነጥላል። እዚሁ አጠገባችን፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ፣ አንድ ሰው የተጠቀመበትን ይሸጣል አለኝ። ሄድኩ። ሻጩ ምድር ቤቱ ውስጥ የእውነተኛ መኪና ወንበር ተክሎ የሚጫወት ጎልማሳ ፈረንጅ ነው። ሞተሩ የቡና ወፍጮ ያክላል፤ ጥቁርና ከባድ ነው። ሰውየው ከመሸጡ በፊት ደጋግሞ አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። "አውራ ጣትህን በመሪው የመሃል ብረቶች መካከል እንዳታስገባ። ግንብ ስትመታ መሪው ባንዴ ይዞራል። ያኔ ልቀቀው፣ አትታገለው፤ እኔ እጄን ሁለት ጊዜ ተሰብሬያለሁ።" ደስ አለኝ! ሰው እጅ ይሰብራል ሲሉት ደስ የሚለው እኔ ብቻ ነኝ።

እሑድ ነበር፤ ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከቅዳሴ ተመልሰን ሚስቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ የነገ ዩኒፎርሟን ትተኩሳለች። እኔ መሪውን ሰክቼ ጉልበቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት። የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ክንዴን ይዞ ሄደ። ተሰማኝ! በግራ በኩል፣ ትከሻዬ ላይ፣ ክርኔ ላይ ተሰማኝ። ጣቴ ሳይሆን ትከሻዬ መሆኑን ማን ልብ ይበል። "ይኸውልሽ! ይኸውልሽ፣ ይሄኛው ይሠራል! አላልኩሽም?" እያልኩ ጮህኩ። እንባዬ መጣ። ነዳጁን እስከ ታች ረገጥኩት፤ መቶ፣ መቶ ሃያ፣ ጥምዙ መጣ፣ ፍሬን ዘነጋሁ፣ ግንብ። መሪው በእጆቼ ውስጥ ግራ ቀኝ ተወራጨ። ቀኜ በራሱ ለቀቀው። እኔ እየሳቅሁ ነበር።

ሚስቴ ጮኸች። "እጅህ! ወየው ጉዴ፣ እጅህ!"

"ምን ሆነ?" አልኳት።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ግራ አውራ ጣቴ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ጥፍሩ ተነስቶ ደሙ በጠረጴዛው እግር ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጥቧል። እኔ ገና መሪውን እንደ ያዝኩ ነኝ። የሌላ ሰው እጅ ነው የማየው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከዚያች ደቂቃ ወዲህ ሰው የጫነ መኪና ነድቼ አላውቅም።

ካውያዋን ነቅላ መጣች። አውራ ጣቴን አላየችም፤ ፊቴን ነው ያየችው።

"አላመመህም።"

ግራ እጄን ጠረጴዛው ሥር ከተትኩት።

"አላመመህም ወይ፣ አንተ ሰውዬ?"

"አላመመኝም።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከጥምቀት።"

በሐሳቧ ወሮቹን ስትቆጥር ይታየኛል። "ከጥምቀት ጀምሮ ሰው ጭነህ? ሀይዌይ ላይ? እኔን ቤተ ክርስቲያን ስትወስደኝ፣ ስትመልሰኝ?" አለችኝ። አዎ አልኳት ሁሉንም። "ለኔ ነው ያልከኝ መሪውን" አለች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ስባ እጄን ጠቅልላ አሰረችው፤ ጥበቡ ወዲያው ቀላ። "እኔ በቀኜ እነዳለሁ፣ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው" ብዬ ተነሳሁ። እሷ በር ላይ የተሰቀለውን የቤት መኪናችንን ቁልፍ ቀድማኝ አነሳችው።

"አንተ ከእንግዲህ ማንንም አትነዳም። ግባና ከጎኔ ተቀመጥ" አለችኝ።

ሚስቴ ከባዶ ፓርኪንግ ውጭ ነድታ አታውቅም። ትልቁ መንገድ ላይ ስንወጣ እግዚኦታዋን ጀመረች፤ በየምልክቱ "እመብርሃን፣ እመብርሃን" ትላለች። አውቶቡስ በጎናችን ሲያልፍ ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። ወደ ግራ የምንታጠፍበት መብራት ላይ አረንጓዴው ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ፤ ከኋላችን ጥሩምባው ቀለጠ። አሁን ግቢ፣ አሁን፣ ምን ትጠብቂያለሽ ልላት አፌ ተከፈተ። መልሼ ዘጋሁት። እኔ ማን ነኝ? ሦስት ወር ሙሉ በማያውቅ እጅ ሰው ያመላለስኩ ነኝ እሷን የማርም? እግሬ ግን በሌለ ፍሬን ላይ ተጭኖ ወለሉን ሊበሳው ነበር። ሦስተኛው አረንጓዴ ላይ ገባች።

ድልድዩ አጠገብ መኪናው ወደ ቀኝ ተንሸራትቶ ጎማው የተሰባበረ አስፋልት ላይ ወጣ። መኪናው ተርገፈገፈ። እሷ ግን አልጮኸችም፣ መሪውን አላነቀችውም። በእጇ ንዝረቱን ሰምታ ቀስ አድርጋ መለሰችው፤ ልስልሱ መሪ ላይ ታደርግ እንደነበረው። ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ ሁለት መኪና ማቆሚያ በአንድ ጊዜ ይዛ ቆመች። ሞተሩን አጥፊው አልኳት፤ አጠፋችው።

"እጄ አልላቀቅ አለኝ" አለችኝ፣ ፊት ለፊቷን እያየች።

በቀኝ እጄ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከመሪው ላይ ፈታኋቸው። በረዶ ሆነዋል። ስትላቀቅ ተንፍሳ ወደ እኔ ዞረች። ከተጠቀለለው ነጠላ ጫፍ የወጡትን የግራ እጄን አራት ጣቶች ሳበቻቸው።

"ዓይንህን ጨፍን። ዛሬ ብትዋሸኝ ማርያምን አብረን አንኖርም።"

ጨፈንኩ።

"ይሄስ?" አለችኝ።

"ደህና ነው" የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

"አይ።"

"ይሄስ?"

"አይ።"

"ይሄኛውስ?"

"እሱም አይሰማኝም።"

በውጭ የአምቡላንስ ድምፅ መጥቶ ጠፋ።

"አሁንስ የቱን ነው የያዝኩት?"

ጠበቅሁ። እጄ ላይ ምንም አልነበረም።

"ገና አልያዝሽም" አልኳት።

ዓይኔን ስከፍት እጄን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ደረቷ ላይ አስጠግታው ታለቅስ ነበር።